ከድንጋይ ሥር ያለችው ቤት ሠሪ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



 ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ ከእኔ በፊት የተናገሩት በሚገባ አብራርተዋል። እኔ እንደ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በተሰጠኝ አጭር ጊዜ፣ በየቀኑ ከአጠገቧ ውሃ እየቀዳን ስም ስላላወጣንላት አንዲት ትንሽ ፍጥረት ልነግራችሁ እወዳለሁ።

በመሐል ሜዳ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ዙሪያ ወደሚገኝ ጅረት ወርዳችሁ ድንጋይ ብትገለብጡ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የተሠራች ጠባብ ቀፎ ተለጥፋ ልታገኙ ትችላላችሁ። ጥቂት ብትታገሡ ጭንቅላትና ስድስት እግር ብቅ ይልና ቤቷን እየጎተተች ትሄዳለች። ከብት የጠበቀ ሰው ሳያያት አይቀርም። በየቀበሌው ስጠይቅ ግን ያገኘሁት መልስ «የውሃ ትል ናት» የሚል ብቻ ነው።

ሊቃውንት ወገኗን ትራይኮፕቴራ ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ባለ ጠጉር ክንፍ» ማለት ነው። በውሃ ውስጥ ያለችው ትል ስታድግ ክንፍ አውጥታ የእሳት ራት መስላ ትበርራለች። ከእሳት ራትና ከቢራቢሮ ጋርም የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ከአፏ የምታወጣው ሐር በውሃ ውስጥ እንኳ ይጣበቃል። በዚህም አንዳንዱ ዝርያ አሸዋ ያያይዛል፤ አንዳንዱ ቅጠል ቆርጦ ይገጣጥማል፤ ሌላው ቤት ሳይሸከም በድንጋዮች መካከል መረብ ዘርግቶ ወራጁ ውሃ የሚያመጣለትን ይጠብቃል።

በዓለም ላይ እስካሁን ስም የተሰጣቸው ዝርያዎች ከ16,000 በላይ ናቸው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 ሂዩ ስኮትና ኦመር-ኩፐር የተባሉ እንግሊዛውያን ነፍሳት ሲሰበስቡ ቆይተው፣ ከዚህ ወገን የሆኑትን ጌኦርግ ኡልመር የተባለ ጀርመናዊ መርምሮ በ1930 አሳትሟል። በ1988 ደግሞ ሃሪሰንና ሃይንስ በኢትዮጵያ ተራራማ ጅረቶች ወለል ላይ ስለሚኖሩት ፍጥረታት ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል።

ዝርያውን ለይቶ ማወቅ ቀላል ሥራ አይደለም። ትሎቹ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ብዙውን ጊዜ የሚለዩት ክንፍ ያወጣው ወንዱ ተይዞ የጅራቱ ጫፍ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ስለዚህ አጥኚዎች ሌሊት በጅረት ዳር ነጭ ጨርቅ ዘርግተው መብራት ያበራሉ። የእኛ አገር አቀማመጥ ደግሞ ለዚህ ጥናት የተመቸ ነው። የደጋ ቀዝቃዛ ውሃ የለመደ ዝርያ እንደ ጀማና እንደ ወንጪት ያለውን ሞቃት ሸለቆ መሻገር ይቸግረዋል። ስለዚህ በአንዱ ተራራ ያለው በሌላው ላይኖር ይችላል። ከአንድ ጅረት የጠፋ ዝርያም ስም ሳይወጣለት ለዘለዓለም ሊጠፋ ይችላል።

ይህ ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል ትሉ ይሆናል። ከእነዚህ ፍጥረታት ብዙዎቹ ንጹሕና አየር ያለው ውሃ ይሻሉ። ደለል የድንጋዩን ሥር ሲሞላው ወይም መርዝ ሲገባ ይጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 አስቻለው ላቀው እና ኦቶ ሞግ በመካከለኛውና በደቡብ ምሥራቅ የአገራችን ደጋዎች የሚገኙ ወንዞችን ጤንነት በእነዚህና በመሰል ፍጥረታት የሚለካበትን ዘዴ አሳትመዋል።

እኔም በአንድ ቀበሌ ያየሁትን ልናገር። የባቄላ በሽታ ተረጭቶ ሲያበቃ መርጫው የሚታጠበው በአንድ የወንዝ መሻገሪያ ላይ ነበር። ከመሻገሪያው በላይ ድንጋይ ስገለብጥ ቀፎው ተደርድሮ አገኘሁ። ከመሻገሪያው በታች ግን ድንጋዩ ባዶ ነበር። ጎርፍ ጠርጎት ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ጎርፍ ቢሆን ግን የላይኛውንም በጠረገ ነበር። ከዚያው በታች እናቶች ውሃ ይቀዳሉ፤ በጎችም ይጠጣሉ። ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ፣ በዚያ ቀበሌ ሥልጠና የሰጠሁት እኔው መሆኔ ነው። የኬሚካሉን መጠንና የአፍ መሸፈኛውን ነግሬ፣ መርጫው የት እንደሚታጠብ ሳልናገር ነበር ያለፍኩት።

ስለዚህ ኬሚካሉን ለአባላት የምናቀርበው እኛ እስከሆንን ድረስ ሦስት ነገር እንድንስማማ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ መርጫ በወንዝ አይታጠብ። ሦስት ጊዜ ይለቅለቅና እጣቢው በዚያው በተረጨው ማሳ ላይ ይረጭ። ባዶ ዕቃውም ተበስቶ ይወገድ እንጂ ውሃ ወይም ዘይት አይያዝበት።

ሁለተኛ፣ የጅረት ዳር እስከ አፉ አይታረስ። ደለሉን የሚያስቀር የሣር ክልል ይተውለት።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር በጥቅምትና በሚያዝያ፣ ከመንደሩ በላይና በታች አሥር አሥር ድንጋይ ገልብጦ ይቁጠር። ድንጋዩንም ወደ ቦታው ይመልስ። የታችኛው ሲያንስ ምክንያቱን እንፈልግ። ቀፎው ተገኘ ማለት ግን ውሃው ከበሽታ የጸዳ ነው ማለት ስላልሆነ የሚጠጣው ይፈላ። የወረዳ ኃላፊዎችም የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራን መብራታቸውንና ማይክሮስኮፓቸውን ይዘው ወደ ጅረቶቻችን እንዲመጡ ቢጋብዙልን መልካም ነው።

አባቶቼና እናቶቼ፤ ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የመንዝ አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ በጋራ ከፍተው ሲጠቀሙ ኖረዋል። ጓሳ ዛሬም በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ ደጋ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ ወደ ዓባይ፣ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሣሩን በስምምነት የጠበቀ ሕዝብ፣ መርጫውን ከወንዝ ጥቂት እርምጃ አርቆ ማጠብ አያቅተውም።