ጠመንጃ ያነገተ ሰው አንደበት



እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚው ጠመንጃ ባነገተ ጠባቂ ታጅቦ ይጓዛል። እንግዲህ ጠባቂው ገና አፉን ሳይከፍት ጠመንጃው ተናግሯል ማለት ነው። አንደበታችን ከሌላው ሰው ይልቅ መለዘብ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ይህን የተማርሁት ከራሴ ጥፋት ነው። በሳንቃበር አንድ አባት፥ ልጆቹን ለማስደሰት ብሎ፥ ለጭላዳ ዳቦ ሲወረውር አየሁና ከሩቅ «ተው!» ብዬ ጮኽሁበት። ሰውዬው በልጆቹ ፊት በማፈሩ የቀረውን ዳቦ በእልህ በተነው፤ መንጋውም ተሻምቶ በላው። ደንቡ ከእኔ ጋር ነበረ፤ ጭላዳውን ግን አልጠበቅሁትም።

ከዚያ ወዲህ ጠመንጃዬን ከጀርባዬ አድርጌ እቀርባለሁ፤ አስቀድሜም ሰላምታ እሰጣለሁ። ጎብኚው ቢቆጣ ተናግሮ እስኪጨርስ አላቋርጠውም። ከክልከላው በፊት ምክንያቱን እነግረዋለሁ፦ «ጌታዬ፥ ጭላዳ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ምግቡም አብዛኛው ሣር ነው። የሰው እህል ከለመደ ነገ የመንገደኛ ስንቅ ይቀማል፤ ያን ጊዜ በድንጋይ የሚመታው እሱ ነው።» በመጨረሻም ክብሩን ጠብቆ የሚመለስበትን በር እከፍትለታለሁ፦ «ልጆችዎ ከዚህ ሆነው ሣሩን ሲነቅል ቢያዩት ደስ ይላቸዋል።»

እምቢ ቢል እንኳ ቃል መመላለሱን ትቼ ለኃላፊዬ አስታውቃለሁ፤ ድምፄን ግን አላነሣም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ያዋረድነው ጎብኚ ቂሙን የሚወጣው በአውሬው ላይ ነው፤ ያስረዳነው ግን ከእኛ ጋር ጠባቂ ይሆናል።