ስለ ብስክሌት መንኰራኵርና ስለ ሽቦዎቹ አጠላለፍ የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ስለ ብስክሌት መንኰራኵር ነው። ነገሩ ለብዙ ሰው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት የሚደርስበት፥ ገበሬም እህሉን ጭኖ ወደ ወፍጮ የሚሄድበት መንኰራኵር ቍልቍለት ላይ ቢሰበር የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሰውም አካል ይጐዳል። ስለዚህ መንኰራኵር ፈትቶ በሌላ አጠላለፍ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ምክንያቱን ሊያውቅ ይገባዋል።

የጋሪ መንኰራኵር እንጨቶች ሸክሙን እንደ ምሰሶ ከታች ሆነው ይደግፋሉ። የብስክሌት ሽቦ ግን ቀጭን ነውና ቢጫኑት ይጐብጣል፤ ኀይሉ በመወጠሩ ነው። እንዲህ ያለውን መንኰራኵር እንግሊዛዊው ጆርጅ ኬይሊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1808 ዓመት አሰበ። በ1869 ዩዤን ሜየር በፓሪስ የሽቦ መንኰራኵር አስመዘገበ። በ1874 ደግሞ ጄምስ ስታርሊ በእንግሊዝ አገር ሽቦዎቹ ወደ ጐን አዘንብለው የሚገቡበትን ሥራ በስሙ አስመዘገበ። የዛሬውም ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ይከተላል።

አጠላለፉ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ቀጥታ ነው፤ ሽቦው ከመካከለኛው እምብርት ተነሥቶ ሌላውን ሳይነካ ወደ ቸርኬው ይሄዳል። ሁለተኛው ጥልፍ ነው፤ ሽቦው አዘንብሎ ሌሎቹን አንድ ጊዜ፥ ሁለት ጊዜ፥ ሦስት ጊዜ ወይም አራት ጊዜ ያቋርጣል። ቀጥታው ለዓይን ያምራል፤ ክብደቱም በጥቂቱ ይቀንሳል። ነገር ግን ሰንሰለት እምብርቱን በሚያዞርበት በኋላው መንኰራኵር ላይ ቀጥታ ሽቦ የማዞሩን ኀይል በደኅና ሊያስተላልፍ አይችልም፤ እምብርቱ ጥቂት ዞሮ ሽቦዎቹን ካላዘነበለ በቀር ኀይሉ ወደ ቸርኬው አይደርስምና። ፍሬኑ በእምብርቱ ላይ ያለ የፊት መንኰራኵርም እንደዚሁ ነው። ደግሞም ቀጥታ ሽቦ የእምብርቱን ከንፈር ወደ ውጭ ብቻ ስለሚስበው፥ ከንፈሩ በቀዳዳው ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ የፊት መንኰራኵር ብቻ፥ እምብርቱ ጠንካራ ከሆነ፥ ቀጥታውን ይችላል።

እንግዲህ 36 ሽቦ ያለውን የኋላ መንኰራኵር ከቀጥታ ወደ ሦስት ጥልፍ መለወጥ የሚወድ ሰው የቀድሞዎቹን ሽቦዎች መልሶ ሊያገባ አይችልም፤ ያጥሩበታልና። ይህንንም በሒሳብ ማየት ይቻላል። ከመካከሉ እስከ ቸርኬው 300 ሚሊ ሜትር፥ እስከ ከንፈሩ ቀዳዳ 22 ሚሊ ሜትር፥ ከንፈሩም ከመካከለኛው መሥመር 35 ሚሊ ሜትር ቢርቅ፥ ቀጥታው ሽቦ 280 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ሦስት ጥልፉ 292 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ልዩነቱ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የጥርሱ ወገን ከንፈር ወደ መካከል ይቀርባልና ሁለቱን ወገን ለየብቻው መለካት ይገባል። የሦስት ማዕዘንን ሒሳብ የሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአጠገቡ አያገኝም።

የሥራው ተራ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የቀድሞዎቹን ሽቦዎች በጥቂት በጥቂቱ ዙሪያውን ማላላት፤ አንዱን ወገን ብቻ ፈጽሞ የፈታ እንደ ሆነ ቸርኬው ይጣመማል። ከዚያ የእምብርቱን ቀዳዳዎች መመርመር፤ ስንጥቅ ያለበት ወይም የቀድሞ ሽቦ በጥልቅ የቈረጠው እምብርት አይታመንም። ቀጥሎ ከአንዱ ከንፈር በየሁለተኛው ቀዳዳ 9 ሽቦ ማስገባትና በቸርኬው ላይ በየአራተኛው ቀዳዳ ማያያዝ ነው። ከሌላው ከንፈርም 9 እንዲሁ ይደረጋል። እምብርቱም ጥቂት ይዞርና ሽቦዎቹ ያዘነብላሉ። የቀሩት 18 ወደ ተቃራኒው አዘንብለው፥ እያንዳንዱ ሁለቱን በውጭ በኩል አልፎ ሦስተኛውን በውስጥ በኩል እንዲያቋርጥ ይደረጋል። የነፋስ መሙያው ቀዳዳ በሰፊው ክፍተት መካከል ይሁን፤ አለዚያ ማንፊያው አይገባም።

ማጥበቂያው ሥራ ትዕግሥት ይወዳል። ትንንሾቹን ዳዶዎች በአንድ ዙር ግማሽ ግማሽ ብቻ ማዞር ይበቃል። ቸርኬው ወደ ቀኝ ቢሄድ የግራውን ሽቦ ማጥበቅ ወይም የቀኙን ማላላት ነው። በመጨረሻም ጥንድ ጥንድ ሽቦዎችን በእጅ ጨብጦ መጫን፥ የላላውንም መልሶ ማስተካከል ያስፈልጋል። በገና የሚያውቅ ሰው ጅማቱን በጣቱ ነክቶ ድምፁን እንደሚለይ፥ የመንኰራኵርም ሠሪ ሽቦውን ነክቶ ያዳምጥ። በአንድ ወገን ያሉት ድምፃቸው ተቀራራቢ ይሁን፤ በኋላው መንኰራኵር የጥርሱ ወገን ከሌላው ይልቅ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ሽቦ እየተሰበረ ያስቸገረው ሰው ሁሉ አጠላለፉን ይለውጥ አልልም። ብዙ ጊዜ የስብራቱ ምክንያት የውጥረት ማነስና አለመተካከል ነው፤ የላላ ሽቦ በየዙሩ ይላላል፥ ይወጠራል፤ ሺህ ጊዜም ተመላልሶ ከጕብጠቱ ላይ ይደክማል። ስለዚህ አስቀድሞ ውጥረቱን ያስተካክል፤ ገንዘቡን በአዲስ ሽቦ ላይ የሚያፈሰው ከዚያ በኋላ ነው።

አባቶቻችን፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፥ ይላሉ። ከ36ቱ ሽቦ አንዱ ብቻውን ሰው ሊሸከም አይችልም፤ ሁሉም በትክክል ሲወጠሩ ግን ሰውንና ጭነቱን ይሸከማሉ። እናንተም መምህራን ለልጆች የእጅን ሥራ ከሒሳብ ጋራ አስተምሯቸው፤ ቍልፉን ከመጨበጣቸው በፊት ምክንያቱን ይጠይቁ።