ከቤቱ ርቆ ለሚማር ልጅ ስንቅ ስለ ማሰናዳት
(ሳንጃ ላይ ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተደረገ ንግግር)



ሥራችሁን ትታችሁ፣ ሕፃን አዝላችሁ፣ በዚህ በቆላው ፀሐይ ስለ መጣችሁ እናመሰግናችኋለን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። እርሱም ከቤታችሁ ወጥቶ፣ ሳንጃ ከጓደኞቹ ጋር ክፍል ተከራይቶ ስለሚማረው ልጃችሁ ምግብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ከቤት ይወጣል። እንጀራው በፌስታል ተጠቅልሏል፤ ወጡ በላስቲክ ዕቃ ታሽጓል። ሰኞ ምግቡ ይጣፍጣል። ማክሰኞ ወጡ ይኮመጥጣል። ረቡዕ እንጀራው ይሻግታል። ከዚያ በኋላ ልጁ ወይ የሻገተውን ይበላል፣ ወይ ጦሙን ያድራል። ሐሙስ ሆዱን እየቆረጠው፣ ራሱን እያዞረው ትምህርት ቤት ይቀመጣል። መምህሩ ሲያንቀላፋ አይቶ «ሰነፍ» ይለዋል። እናንተም ውጤቱ ዝቅ ሲል «ከተማ አበላሸው» ትላላችሁ። ልጁ ግን ሰነፍ አይደለም፤ ርቦታል። እንዲህ እየሆነ ደብተሩን ጥሎ የሚመለስ ልጅ አለ። ማሽላና ሰሊጥ ሸጣችሁ ለቤት ኪራይ ያወጣችሁት ገንዘብ በስንቅ ጉድለት ሲባክን ማየት ያሳዝናል።

እንግዲህ ምክራችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ደረቁን ምግብ እናንተ ሰንቁ፣ እርጥቡን ልጁ እዚያው በየቀኑ ያብስል።

አንደኛ፤ ስለ እንጀራና ስለ ወጥ። ሻጋታ ከላይ ብቻ የሚታይ አይምሰላችሁ፤ ሥሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሻገተውን ቆርሶ ጥሎ የቀረውን መብላት አይበጅም። ለሁለት ቀን የሚበቃ እንጀራ ብቻ ስጡት። ከዚያ ለሚቀሩት ቀኖች ድርቆሽ ይያዝ። ድርቆሹን ግን ትኩስ ሳለ ከተጋገረ ከደኅና እንጀራ አድርቁት። ብዙ ሰው ሊሻግት የጀመረውን እንጀራ «እንዳይጣል» ብሎ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ፀሐይ ሻጋታውን ታደርቀዋለች እንጂ መርዙን አታጠፋውም። የተሠራ ወጥ ደግሞ ፈጽሞ አትሰንቁ። በቆላ ሙቀት ወጥ ውስጥ ጀርም በጥቂት ሰዓት ይራባል፤ አንዳንዱ ጀርም የሚተወው መርዝ ደግመው ቢያፈሉትም አይለቅም።

ሁለተኛ፤ ምን ይሰነቅ? በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ በርበሬ፣ ጨውና ዘይት ይሰነቅ። ሰሊጥ በእጃችሁ ያለ ሀብት ነው፤ ሁሉንም ለነጋዴ አትስጡት። ተቆልቶና ተወቅጦ በበሶ ላይ ቢጨመር ቅባትም፣ ገላ የሚገነባ ምግብም ይሆናል። ዕንቁላል ካላችሁ ሳይቀቀል በገብስ ወይም በገለባ መካከል ቀብራችሁ ላኩት፤ ሳይሰበር ይደርሳል። ልጁ ጠዋት ሳይበላ ትምህርት ቤት እንዳይሄድ አስጠንቅቁት። አንድ ኩባያ በሶ ለመበጥበጥ እሳት አያስፈልግም።

ሦስተኛ፤ ስለ ሽሮው። ይህን አጥብቀን እንነግራችኋለን። ሽሮው የተፈጨው ከምን እንደ ሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ጓያ ርካሽ ነው፤ ድርቅንም ይችላል። ነገር ግን በደንቢያና በፎገራ ሰው ጓያን ዋና ምግቡ ባደረገበት የችግር ዘመን ብዙ ጎበዛዝት እግራቸው ተይዞ በበትር ለመሄድ ተገደዋል። ይህ ሕመም አንድ ጊዜ ከያዘ አይድንም። አሁን አስቡት፤ የተማሪ ምግብ ጠዋትም ማታም ሽሮ ነው። ያ ሽሮ ጓያ ብቻ ከሆነና ወራት ከቆየ አደጋው ትልቅ ነው። ስለዚህ ለልጃችሁ የሽምብራ፣ የአተር ወይም የባቄላ ሽሮ ስጡት። ሌላ ከሌላችሁ ጓያውን ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት፤ ቀጥሎም ከእህልና ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ደባልቁት፤ ለብቻው ግን አይሁን።

አራተኛ፤ ስለ ቅጠላ ቅጠልና ፍራፍሬ። ይህን ልጁ ከሳንጃ ገበያ ይግዛ። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ባምያ፣ ሎሚ፣ በወራቱም ማንጎ ከለስላሳ መጠጥና ከብስኩት ይልቅ ይጠቅሙታል። ምስር ወጥ ላይ ሎሚ ቢጨምቅ በምስሩ ውስጥ ያለውን ደም የሚሠራ ብረት ሰውነቱ በደንብ ይቀበለዋል። ሻይና ቡና ግን ምግብ እንደ በላ ወዲያው አይጠጣ፤ ብረቱን ይይዙበታልና አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። በተለይ ለሴቶች ልጆች ይህ አስፈላጊ ነው፤ በየወሩ ደም ይፈሳቸዋልና።

አምስተኛ፤ ስለ ውኃና ስለ ንጽሕና። በሳንጃ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ምርመራ ቢልሃርዝያ በብዙዎቹ ሆድ ውስጥ ተገኝቷል። ይህ ትል ወንዝ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ልጁ ወንዝ ወርዶ ሲዋኝ ወይም ድስቱን ሲያጥብ ይይዘዋል። ደሙን እየመጠጠ ያዳክመዋል፤ የላካችሁት ስንቅም እንደሚገባ አይጠቅመውም። ስለዚህ ገላውንም ዕቃውንም ከቦኖ በተቀዳ ውኃ ይታጠብ፤ ሰገራው ላይ ደም ካየ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ መድኃኒት አለው። የሚጠጣውን ውኃ አፍልቶ በንጹሕና ክዳን ባለው ጀሪካን ያስቀምጥ። ከመብላቱና ከማብሰሉ በፊት፣ ከመጸዳጃም ሲመለስ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ባይኖር አመድ ይበቃል።

ስድስተኛ፤ ስለ እሳት። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ምድጃውም አልጋውም አንድ ላይ ነው። ከሰል አንድዶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ይገድላል። መርዙ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ከሰል ደጅ ይነድ፤ እየጋመም ቢሆን ወደ ውስጥ አይግባ።

አንድ ነገር ደግሞ ለአባቶች አለን። «ወንድ ልጅ ወጥ አይሠራም» የሚለውን አባባል እንተወው። ወንድ ልጃችሁ ሽሮ መሥራት ሳይማር ከቤት ከወጣ ድርቅ እያኘከ ይከርማል። እኅቱ አብራው ከተከራየች ደግሞ ለሁሉ አብሳይ እርሷ ትሆናለች። እነርሱ ሲያጠኑ እርሷ ጭስ ውስጥ ናት፤ ፈተናውን ስትወድቅም «ሴት ልጅ ትምህርት አይሆንላትም» ይባላል። ይህ ፍርድ አይደለም። ማብሰሉ በተራ ይሁን፤ ሰኞ አንዱ፣ ማክሰኞ ሌላው። ክረምት ላይ ልጆቻችሁ ቤት ሳሉ ወንዱንም ሴቲቱንም አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን አስተምሯቸው።

ይህ ትምህርት ከሳንጃ በኋላም ይከተላቸዋል። ጎንደር ላይ በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ልጃችሁ ፈተናውን አልፎ እዚያ ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ምግቡን በተማሪዎች ምግብ ቤት ይበላል። ቢሆንም ማታ ሲያጠና ይርበዋል፤ ያን ጊዜ በሻንጣው ውስጥ የናቱ በሶና ቆሎ ካለ ገንዘቡን ለብስኩት አያወጣም። እጁን መታጠብ የለመደ ልጅም ብዙ ሰው በሚተኛበት ክፍል ራሱንም ጓደኞቹንም ከተቅማጥ ያድናል።

እንግዲህ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ይህን ያዙ። ወጥ አትሰንቁ። ድርቆሽ ከደኅና እንጀራ ይሁን። ሽሮው ጓያ ብቻ አይሁን። በሶና ሰሊጥ አይጉደል። ውኃው ይፍላ፤ ከሰል ውጭ ይቅር። ልጁ ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ሐሙስ ምን በላህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ስትሰሙ የሚቀጥለው ሳምንት ስንቅ ምን መሆን እንዳለበት ታውቃላችሁ።