ከሌዘር ሕክምና በኋላ የዓይን ደም ሥሮች በፎቶግራፍ ሲታዩ



ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር ሐዲድ ላይ በምትገኘው በአዲጋላ የተመደበ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እናስብ። ይህ ሰው የስኳር በሽታ ዓይኑን ስለ ጎዳበት በሌዘር ጨረር ታክሞ ወደ ሥራው ተመልሷል። ወራት ካለፉ በኋላ ግን፣ «እይታዬ እንደ ቀድሞው ነው፤ ምንም ካልተሻለኝ ያን ሁሉ መንገድ ደግሜ ለምን እደክማለሁ?» ይላል። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው።

የስኳር በሽታ ሲበረታ ረቲና በሚባለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን ላይ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይደፈናሉ። ኦክሲጅን ያጣው ክፍል አዳዲስ ሥሮች እንዲበቅሉለት ይጣራል፤ የሚበቅሉት ግን ደካሞች ስለሆኑ ደም ያፈስሳሉ፤ ሲብስም ያሳውራሉ። ስለዚህ ሐኪሙ የረቲናውን ዳር ዳር በጨረር ነጠብጣብ ይተኩሳል። በቆላ አገር በጕድጓዱ ዙሪያ ያለው ከብት ሲቀንስ ውኃው ለቀረው እንደሚበቃ ሁሉ፣ በተተኰሰው ስፍራ የኦክሲጅን ፍጆታ ሲያንስ ለቀረው ይተርፋል። ጥሪው ይበርዳል፤ አዲሶቹም ሥሮች ይሟሽሻሉ።

ይህን ለውጥ ታማሚው ራሱ አያየውም፤ ፎቶግራፍ ግን ያሳየዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ኖቮትኒና አልቪስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ ፍሎረሲን የተባለው ቀለም በክንድ ሥር ተወግቶ ዓይን ሲደርስ ፎቶግራፍ የሚነሣበትን ዘዴ አሳተሙ። ከሕክምናው በፊት ቀለሙ ከአዲሶቹ ሥሮች ሲፈስስ እንደሚያበራ ጉም ይታያል፤ ሕክምናው ከሠራ ጉሙ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ዛሬ ያለ ቀለም፣ የደሙን እንቅስቃሴ ብቻ ተከትሎ ሥሮቹን የሚሥል መሣሪያም አለ፤ ፍሳሹን ግን አያሳይም።

በ1976 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ይህ ሕክምና ብርቱ የእይታ ማጣትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አስረድቷል። ሆኖም ሌዘር የቀረውን ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስም፤ የጐንና የሌሊት እይታንም ሊቀንስ ይችላል። እንግዲህ የዚያ ሠራተኛ እይታ እንደ ቀድሞው መቆየቱ ራሱ ትርፍ ነው። ነገር ግን ሥሮቹ ዳግመኛ ሊበቅሉ ስለሚችሉ የፊተኛው ሥዕል ከኋለኛው ጋር መነጻጸር አለበት።

ስለዚህ ታማሚው ቀጠሮውን አይተው፤ አለቃውም ፈቃዱን አይንፈገው። የጥቂት ቀን መንገድ ከዕድሜ ልክ ጨለማ ይቀላልና።