ደረቅ ፕላስቲክን በጎማ ስለ ማጽናት



በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ውሃ ለዘመናት ሲቀዳ የኖረው በእንስራ ነው። እንስራ ሸክም ይችላል፤ ዳሩ ግን ድንጋይ ላይ ከወደቀ ባንድ ጊዜ ገል ይሆናል። ዛሬ ጀሪካኑ፣ ባልዲውና የፕላስቲኩ ወንበር የሸክላውንና የእንጨቱን ዕቃ ስፍራ ወስደዋል። ይሁን እንጂ ፕላስቲክም እንደ ሸክላ የሚሰበርበት ጊዜ አለ። በግ ሸጦ ወንበር ለገዛ ገበሬ ስብራቱ የበጉ ዋጋ ነው። ስለዚህ ፕላስቲክ ለምን እንደሚሰበር፣ ስብራቱም እንዴት እንደሚገታ መመርመር የባለሙያው ግዴታ ይሆናል።

ጠጣር መሆንና ስብራትን መቋቋም አንድ አይደሉም። ፖሊስታይሪን ጠጣር ነው፤ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ድረስ የሞለኪውል ሰንሰለቶቹ ተቆላልፈው ይቆማሉ። ምት ሲያርፍበት ኃይሉ ባንዲት ጭረት ጫፍ ይከማቻል፤ ሰንሰለቶቹ ተንሸራተው ኃይሉን የሚያበርዱበት ፋታ ስለማያገኙ ዕቃው ይሰነጠቃል።

ግድግዳ የሚመርግ ሰው ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ጭድ ይቀላቅልበታል። የጎማው ዘዴ በዓላማው ይህን ይመስላል፤ በአሠራሩ ግን ይለያል። ጭድ ስንጥቁን ግራና ቀኝ ይዞ ያስራል፤ ጎማ ግን የሚጠቅመው ለስላሳ በመሆኑ ነው። መጠናቸው ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ እስከ ጥቂት ሺኛ የሚደርስ የጎማ እንክብሎች በፖሊስታይሪኑ ውስጥ ሲበተኑ በያንዳንዳቸው ዙሪያ ረቂቅ ንቃቃቶች ይፈጠራሉ፤ ንቃቃቶቹም ባዶ ሳይሆኑ በተሳቡ ክሮች የተያያዙ ናቸው። የምቱ ኃይል በነዚህ እልፍ ጥቃቅን ስፍራዎች ተከፋፍሎ ያልቃል። እንዲህ ያለው ፕላስቲክ ሲታጠፍ የሚነጣው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ባክናልና ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. አስረድተዋል።

ሐሳቡ ጥንት ነው። ትውልደ ሩሲያዊው ኬሚስት ኦስትሮሚስሌንስኪ ጎማን በስታይሪን አሟሙቶ የመሥራቱን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1927 ዓ.ም. በፓተንት አስመዘገበ፤ ዳው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም ተመሳሳዩን ዕቃ በ1948 ለገበያ አቀረበ። የሚጨመረው ጎማ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ያህል ብቻ ነው።

ዘዴው እንዲሠራ ግን ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛው መያያዝ ነው። ሁለቱ ቁሶች እንዲሁ ቢደባለቁ እንደ ዘይትና ውሃ ይለያያሉ፤ ስለዚህ የፖሊስታይሪኑ ሰንሰለት በጎማው ሰንሰለት ላይ እንዲበቅል ይደረጋል። አሮጌ ፕላስቲክ ሰብስቦ ልዩ ልዩውን ዓይነት ባንድነት የሚያቀልጥ ሠራተኛ ከሁሉም የከፋ ተሰባሪ ዕቃ የሚያገኘው ይህ መያያዝ ስለሚጎድል ነው።

ሁለተኛው፣ ጎማው በሚያገለግልበት አገር ብርድ ለስላሳ ሆኖ መቆየቱ ነው። ደጋው የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ የጓሳ ሣር ምድር ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ለወንበር የሚበዛው ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ የሰንሰለቱ እንቅስቃሴ የሚገታው በ0 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቀን ሲለመጥ የዋለ ወንበር በንጋት ውርጭ በቀላሉ ሊሰበር ይችላል። መፍትሔው እስከ 50 ዲግሪ ከዜሮ በታች ገደማ የማይደርቀውን የኤትሊንና የፕሮፒሊን ጎማ መቀላቀል ነው።

የደጋው ፀሐይም አለች። ከፍታ ሲጨምር ቁስ የሚያፈርሰው ጨረር ይበረታል፤ ፖሊቡታዳይን የተባለው ጎማ በዚህ ጨረር ቶሎ ይደርቃል፤ ፖሊፕሮፒሊኑም ራሱ መከላከያ ቅመም ካልተጨመረበት ይፈረፈራል። ጎማ እንዲያው ቢበዛም አይበጅም፤ ጠጣርነት ይቀንሳልና፣ ለመንዝ ውርጭ የተበጀው ወንበር በመርሐቤቴ ቆላ፣ በጀማ ሸለቆ ሙቀት፣ ከሸክም በታች ሊጎብጥ ይችላል።

እንግዲህ አንድ ዕቃ ለደጋ ሕዝብ ሲመረጥ ውፍረቱንና ዋጋውን ማየት አይበቃም። በ0 ዲግሪ ቀዝቅዞ፣ ፀሐይም ላይ ከርሞ በምት መፈተን ይገባዋል። በፋብሪካ ሙቀት የተፈተነ ዕቃ ለፋብሪካው እንጂ ለመንዝ ንጋት ዋስ አይሆንም።