ብረቱን ገፋ፣ ቡጢው ግን ዘገየ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ራሴ ስህተት ነው። ትከሻውን ተጎድቶ ሳክመው የነበረ አንድ ቦክሰኛ፣ ቤንች ላይ እንደ ድሮው 100 ኪሎ ሲገፋ አየሁና «በቃ ድነሃል፣ ተመለስ» አልኩት። ወር ሳይሞላ መጣ። «ዶክተር፣ ብረቱንማ እገፋዋለሁ፤ ቡጢዬ ነው አልደርስ ያለኝ።»

እውነቱን ነው። እኔ የለካሁት ጥንካሬውን ነበር። ፓወር የሚባለው ግን ኃይል በፍጥነት ሲባዛ ነው። ከባድ ብረት በዝግታም ይነሳል፤ ደግሞም ሁለት እጅ አብሮ ሲገፋ ጤነኛው የታመመውን ይሸፍንለታል።

አሁን የምጠቀምበት መለኪያ ኳስና ሜትር ብቻ ይበቃዋል። ሰውየው ካሟሟቀ በኋላ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ ወለል ላይ ይቀመጣል። የ3 ኪሎ ሜዲሲን ቦል ከትከሻው አጠገብ ይዞ፣ በአንድ እጁ ባለ በሌለ ፍጥነቱ ወደ ፊት ይገፋዋል። ጀርባው ከግድግዳው ከለቀቀ አይቆጠርም፤ ወገቡ አግዞታላ! በየእጁ፣ እያረፈ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ይሞክራል፤ ርቀቱን እንመዘግባለን። ክንደ ረጅም ሰው ራቅ አድርጎ ስለሚወረውር፣ የማወዳድረው ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ሌላኛው እጅ ጋር ነው። የለመደው እጅ በጥቂቱ ቢበልጥ አያስደነግጠኝም።

የዚያ ልጅ የታመመ እጅ ግን በጣም ነበር ያነሰው። በቀላል ክብደት፣ በፍጥነት እየገፋ እንዲለማመድ አደረግን። በአራተኛው ወር ሁለቱ እጆቹ ተቀራረቡ፤ ያኔ «ተመለስ» አልኩት።

እናንተም ጡንቻው የፈረጠመ ሰው ሲመጣላችሁ፣ «ስንት ኪሎ ታነሳለህ?» ብላችሁ ብቻ አትሸኙት።