ስኳር ትተው ሳለ ስኳራቸው ለምን አልወረደም?



እኛ በአራት ኪሎ የምንማር ልጆች በየቤታችን የምናየው አንድ ነገር አለ። የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት ወይም እናት ሻያቸውን ያለ ስኳር ይጠጣሉ፤ እንጀራቸውንም ይቀንሳሉ። ሆኖም ሲመረመሩ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ይገኛል። ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ፣ «ተደብቀው ቢበሉ ነው» እያለ ያማቸዋል።

ይህ ሐሜት ብዙ ጊዜ ያለ ፍርድ መኰነን ነው። የደም ስኳር ከምግብ ብቻ አይመጣም፤ ጉበታችን ራሱ ሌሊቱን ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይልካል። ልኩን የሚጠብቀው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሰውነት አልታዘዝለት ሲል፣ ጉበት ከልኩ አልፎ ይሠራል፤ ስለዚህ እራት ሳይበሉ ያደሩ ሰው እንኳ ጧት ስኳራቸው ከፍ ሊል ይችላል።

በ1921 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባንቲንግና ቤስት በቶሮንቶ ኢንሱሊንን ከማግኘታቸው በፊት፣ የሐኪሞች ዋና ብልሃት ምግብ መከልከል ነበረ። ዕድሜን ጥቂት ቢያስረዝምም ኢንሱሊን ያጣውን ልጅ ከሞት አላዳነም።

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፣ የምግብ ጥንቃቄው አይቅር፤ ስኳሩ አልወርድም ሲል ግን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት መውሰድ ሽንፈት አይደለም። እኛም ልጆች መውቀሱን ትተን ወደ ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ።